ወንበር ቁጥር አሥራ ሰባት

ላስ ቬጋስ፤ ከቁማሩ ፎቅ በላይ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ፣
መስኮት የሌላት ክፍል አለች፤ እኔ እዚያ ነው የምሠራ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ አላፊ አግዳሚውን መጥራት፦
«አዲስ ሲትኮም ነው፣ ማንም ያላየው፤ መግቢያው ነጻ፣ ሲያልቅ እራት!»
ሃያ አራት ወንበር፣ በየወንበሩ አንድ ትንሽ መዘውር፤
ከወደዳችሁ ወደ ቀኝ፣ ከጠላችሁ ወደ ግራ ትዙር።
እኔ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከኮርዴል ጋር ተቀምጬ፣
ሃያ አራት መስመር አያለሁ፣ የቀዘቀዘ በርገር ገምጬ።

ሰው አዲስ ነገር ላይ ሲፈርድ፣ አርባ ሰከንድ አይፈጅበትም፤
ኮርዴል «ሠላሳ ነው» ይላል፤ እኔ አልከራከርበትም።
ገና መጋረጃው ሲገለጥ፣ አንዱ፦ «ይሄው መጣ ደግሞ ሶፋ!»
ሌላው የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ፣ አንገቱን ጥሎ ሲያንኮራፋ።

የትናንት ማታው ታሪክ፣ ስለ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፤
ሚስቱ ትታው የሄደች፣ አማቱ ግን የቀረች ቤቱ፣ እንደ ዳኛ።
ከፎኒክስ የመጡት መንትዮች በመጀመሪያው ቀልድ ሳቁ፤
በሁለተኛው ተያዩ፤ ሦስተኛው ሲያልፍም አላወቁ።
ዌንደል የሚባል ጡረተኛ አናጺ፣ ቁጥር አራት የተቀመጠ፣
መዘውሩን ወደ ግራ አጥብቆ እንደ ብሎን፣ እጁን አጣጥፎ ፈጠጠ።
«ሰባ ዓመት የቆየ ቤት ካላችሁ፣ ወለሉ ሲጥ ሳይል አያድርም፤
በወለል የዋሸኝን ሰው፣ በቀልድ ልመነው አልደፍርም።»

ወንበር ቁጥር አሥራ ሰባት ግን፣ ከዱሉዝ የመጣች ሴት፣
ቬርና፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በዚያ ሙቀት፣
መዘውሯ መሐል ላይ ቆሞ፣ ንቅንቅ አላለም አሥር ደቂቃ፤
«ሽቦው ነው» ብሎ ኮርዴል ተነሣ፤ «ቆይ» አልኩት፣ «ትሆናለች ጠንቃቃ።»

አሥራ አንደኛው ላይ፣ ቀልድ የለበትም፣ ሳቅም አልተቀዳ፣
ጎረቤትየው ወተት ይዞ ገባ፣ ቃል የማይተነፍስ እንግዳ፤
ሁለት እጁ ሙሉ ስለሆነ
የፍሪጁን በር
በዳሌው ገፋ አድርጎ ዘጋው።

የአሥራ ሰባት ቁጥር መስመር
ከተኛበት ተነሣ።
ጣሪያ ነካ።
ቀልዱ መጣ፣ ቀልዱ ሄደ፤ አማትየዋ ወደቀች፣ ኬክ ተበተነ፤
መስመሩ እዚያው ነው፤ ማን ያውርደው፣ አንዴ ከገነነ።

ሲያልቅ ወረቀት እናድላለን፦ ምን ወደዱ? ምን ጠሉ?
ለጎረቤት ያወሩታል? በሚቀጥለው ሳምንት ያያሉ?
መንትዮቹ ሙሉ ገጽ ጻፉ፤ ስለ አማትየዋ ጸጉር።
ቬርና አንድ መስመር፦ «ሰውዬው ፍሪጅ ሲዘጋ።» ሌላ የለም፤ ነጥብም ቢሆን፣ ቁጥር።

በሩ ላይ፣ የእራቷን ኩፖን ስሰጣት፣ «ለምን?» አልኳት።
«አሥቆኝ አይደለም» አለች።
«ሠላሳ ስድስት ዓመት
እንደዚያ የሚዘጋ ሰው ነበረኝ።
ሁልጊዜ እጮህበታለሁ፤ ላስቲኩ ይላላል፣ ተው እያልኩ።»
ኩፖኑን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።
«እስከ ዛሬ አልላላም።»

ሪፖርቱን በዚያው ሌሊት ጻፍኩ፤ አለቆቼ የሚያነቡት አማካዩን ነው፤
የአንዷን ጣሪያ ለሃያ አራት ስታካፍለው፣ ወለል ነው የሚሆነው።
«አሥራ አንደኛው ደቂቃ ይንዛዛል፤ ወተቱ ይቅር» ብዬ መከርኩ፤
ቀኑን ሞላሁ፤ ስሜን በረጅሙ፣ እንደ ሁልጊዜው ፈረምኩ።

ዛሬ ማታ ሌላ አለ፤ ስለ ሁለት የጥርስ ሐኪሞችና ስለ አንድ በቀቀን፤
ሶፋው አረንጓዴ ነው አሉኝ፤ ሰው ልጠራ ወጣሁ፣ ሳይመሽብኝ ቀን።
ስመለስ ኮርዴል ቀድሞኝ ገብቶ፣ ከምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣
የአሥራ ሰባትን መዘውር ፈቶ፣
ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
«ምንም የለበትም» አለኝ።
«ጤነኛ ነው።»